641 ከየት መጣ?

እንደምን አላችሁ! ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ቁጥር ብቻ ነው። አራት ቢሊዮን ሁለት መቶ ዘጠና አራት ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ዘጠና ሰባት። በአኃዝ 4,294,967,297። ስታዩዋት ዝም ብላ የተደረደረች ትመስላለች፤ አሠራሯ ግን ቀላል ነው። 32 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዙ፣ 1 ጨምሩበት፣ አለቀ።

ነገሩ የሚጀምረው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ ነው። ፒየር ደ ፌርማ በሙያው የሕግ ሰው ነው፤ ቁጥር ግን ነፍሱ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ስድስት ሁለቶችን እያባዛ 1 ሲጨምር 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 መጡለት። አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍላቸው የለም። በቃ፣ እጥፍ እያደረግን ብንቀጥል ሁሌም ብቸኛ ቁጥር ይወጣል ብሎ አመነ። ማረጋገጫ ግን አልነበረውም። ስድስተኛዋ የእኛዋ ናት።

በ1732 ሊዮናርድ ኦይለር መጣና ቁጥሯን ለሁለት ከፈላት፦ 641 ሲባዛ በ6,700,417። የፌርማ እምነት እዚያው ላይ አበቃ።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ 641ን ለመያዝ ያለው አቋራጭ ነው። ከ2 ጀምራችሁ ብቸኛ ቁጥሮችን አንድ በአንድ ብትሞክሩ 641 የምትመጣው 116ኛ ላይ ነው፤ ያውም ሁሉንም በእጅ እያካፈላችሁ። ኦይለር ኋላ ላይ ያረጋገጠው ግን ይህን ነው፦ ይህችን ቁጥር የሚያካፍል ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር ለ64 ሲካፈል የግድ 1 ይተርፈዋል። እንዲህ ያሉት ጥቂት ናቸው። 193 አይሆንም፣ 257 አይሆንም፣ 449 እና 577ም አይሆኑም። አምስተኛው 641 ነው!

ጭራሽ ሳታካፍሉም ማረጋገጥ ትችላላችሁ። እስቲ ተከተሉኝ። 640 ማለት 5 ሲባዛ በሰባት ሁለቶች ነው። ከ641 በ1 ያንሳል፣ ስለዚህ ለ641 ሲካፈል በሚተርፈው ካየነው ልክ እንደ ኔጌቲቭ 1 ነው። አራት 640ዎችን እርስ በርስ ብናባዛ ታዲያ 1 ይተርፋል። ያ ብዜት ሲበተን ደግሞ 625 ሲባዛ በ28 ሁለቶች ይሆናል። 625 ከ641 በ16 ስለሚያንስ እንደ ኔጌቲቭ 16 ነው፤ 16 ራሱ አራት ሁለቶች ነው። 28 እና 4፣ 32! ስለዚህ የ32 ሁለቶች ብዜት ኔጌቲቩ 1 ይተርፈዋል ማለት ነው፤ በራሱ ላይ 1 ስንጨምር ምንም አይተርፍም። እኔ ይህን ማረጋገጫ ስንት ጊዜ ብሠራውም አልጠግበውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከቁጥሯ ላይ 2 ቀንሱ። 4,294,967,295 ታገኛላችሁ፣ እሱም በትክክል የ3፣ የ5፣ የ17፣ የ257 እና የ65,537 ብዜት ነው። ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ በ1796 ባለ 17 ጎን እኩል ጎን ቅርጽ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ሊሠራ እንደሚችል ያሳየው ከእነዚሁ ቁጥሮች ተነስቶ ነው። በዚያው ሕግ 4,294,967,295 ጎን ያለውም ይሠራል፤ ጎዶሎ የጎን ብዛት ካላቸው ውስጥ እስካሁን ከሚታወቁት ትልቁ እሱ ነው።

ለምን ትልቁ ሆነ? ከ65,537 በኋላ በፌርማ መንገድ የሚመጣ ሌላ ብቸኛ ቁጥር እስከ ዛሬ ስላልተገኘ ነው። እንደሌለ ያረጋገጠም የለም።