ለድሬዳዋ መንገዶች ጥላ እንጠይቅ

የተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የፕላንና የመንገድ ባለሙያዎች፤

ስለ ከተማ እድገት ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ሕንጻ፣ አስፋልትና ኢንዱስትሪ ነው። እኔ ዛሬ የምለምናችሁ ስለ ጥላ ነው። በግንቦት ቀትር በእግሩ የሚሄድ ሰው ፀሐይ ሳያዞረው ከቤቱ ወጥቶ ጉዳዩን ፈጽሞ የሚመለስባት ድሬዳዋ እንድትኖረን እፈልጋለሁ።

ይህ ለከተማችን እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ከጅቡቲ የመጣውን ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ ማውጣት ብዙ ገንዘብ ስለሚጠይቅ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚሁ ከተራራው ግርጌ ቆመ፤ ድሬዳዋም ተቆረቆረች። ከዚራ የተባለችው ሰፈር ቀጥ ባሉ ጎዳናዎች ተነደፈች፤ ግራና ቀኙም ዛፍ ተተከለበት። ዛሬም ከለገሃር ወጥቶ በዚያ በኩል የሚሄድ ሰው ያንን ጥላ ያመሰግናል። የደቻቱን ወንዝ ተሻግረን መጋላ ሰፈር ስንገባ ደግሞ ሌላ ጥበብ እናገኛለን። መንገዱ ጠባብ ነው፤ አንዱ ግንብ ለሌላው ጥላ ይሆናል። ሁለቱ ሰፈሮች በመልክ ቢለያዩም ሁለቱም እግረኛውን ከፀሐይ ይከልላሉ።

አዳዲሶቹ ሰፈሮቻችንስ? መንገዱ ሰፊ ነው፤ ዛፍ ግን የለም። ቀን ሙሉ የጋለው አስፋልትና ኮንክሪት ሙቀቱን ማታ ስለሚመልሰው ሌሊቱም እፎይታ አይሰጥም። በስድስት ሰዓት ከትምህርት ቤት የሚወጡ ሕፃናት ደብተራቸውን ግንባራቸው ላይ ደፍተው፣ አጥር አጥሩን ተጠግተው ሲሄዱ አያለሁ። በቀፊራ ገበያ ቲማቲም የምትሸጥ እናት ጥላው በዞረ ቁጥር የዘረጋችውን ማዳበሪያ እየጎተተች አብራ ትዞራለች። መጎተቻ ቦታ ስታጣ መጀመሪያ ለስልስ የሚለው ከላይ ያለው ቲማቲም ነው፤ እሱን ለይታ በግማሽ ዋጋ ትሸጠዋለች። ይህ የእርሷ ዕድል ተደርጎ መታየት የለበትም። የፕላን ጉድለት ነው፤ ኪሳራውን ግን የምትከፍለው እርሷ ናት።

ውሃው ከየት ይመጣል የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። የምንጠጣው ከከርሰ ምድር የሚወጣ ውሃ ነውና እርሱን ለዛፍ እናፍስሰው አልልም። ነገር ግን በየመስጊዱ በቀን አምስት ጊዜ ለውዱእ፣ ማለትም ከሶላት በፊት ለሚደረገው ትጥበት፣ የሚፈስሰው ውሃ ሳሙና የለበትም። በአንዲት ትንሽ ቦይ ወደ ደጃፉ ዛፎች ቢመራ የአንድ ጎዳና ችግኞችን ያሳድጋል። እንደ ቁርቁራና ግራር ያሉት የአካባቢያችን ዛፎች፣ ኒምም ቢሆን፣ ሥራቸው አንዴ ከጠለቀ ድርቁን ይችሉታል። ጭንቁ የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ነው። በክረምት ተሰብስበን እንተክላለን፤ በበጋ የሚያጠጣ ሰው ግን አልመደብንም፤ ስለዚህ ይደርቃል። በየዓመቱ እንዲህ ማድረጋችን ያሳዝነኛል።

ስለ ዛፍ እያወራሁ ደቻቱን ማለፍ አልችልም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት በተኛንበት የመጣው ጎርፍ ከ250 በላይ ወገኖቻችንን ወስዷል። ዝናቡ የዘነበው ከላይ በደጋው ነው። እንግዲያው ፕላናችን በከተማው ወሰን ላይ ሊቆም አይችልም፤ የላይኛው ተዳፋት እርከንና ዛፍ ያስፈልገዋል። በከተማው ውስጥም የወንዙ ዳርቻ ለቤትና ለሱቅ አይሰጥ፤ በዛፍ ይሸፈን።

ባለሙያዎቻችንን የምጠይቀው ይህን ነው። የዛፉ ጉድጓድ በመንገዱ ንድፍ ላይ ከአስፋልቱ ጋር አብሮ ይሰመር። የውሃ ቧንቧውና የመብራት መስመሩ ዛፉን ነገ እንዳያስቆርጡት ከወዲሁ በሌላ በኩል ይለፉ። ተቋራጩም ችግኙ እስኪጸድቅ የማጠጣት ግዴታ በውሉ ይግባ፤ ከክፍያውም የተወሰነው እስከዚያ ይያዝ። መንገድ ተመርቆ ካለቀ በኋላ ጉድጓድ መቆፈር ምን ያህል እንደሚከብድ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

የሃይማኖት አባቶች፣ የውዱእ ውሃው ጉዳይ በእጃችሁ ነው። ፈቃዳችሁ ከሆነ ከዚህ ስብሰባ ስንወጣ ከየትኛው መስጊድ እንደምንጀምር እንነጋገር፤ ቦዩን ለመቆፈር እኔም እመጣለሁ።

አመሰግናለሁ።