ለልጆቻችሁ አንድ መደብ መሬት ስጧቸው

በሐዋሳ ከተማ፣ በአንድ ትምህርት ቤት የዓመቱ መዝጊያ ዕለት ለወላጆችና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ ውጤታችሁን ተቀብላችሁ ዓይናችሁ ወደ በሩ የሚያማትር ውድ ተማሪዎች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

ዛሬ ስለ ክረምት ዕረፍት እንድናገር ተጋብዣለሁ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ባዮሎጂ በማስተማር ነው፤ ስለዚህ ከማውቀው ነገር አልርቅም። ልጆቻችሁ ከነገ ጀምሮ እስከ መስከረም ቤት ናቸው። ብዙዎቻችሁ የማጠናከሪያ ትምህርት፣ የኮምፒውተር ሥልጠና፣ የቋንቋ ኮርስ አስባችሁላቸዋል። መልካም ነው፤ አልቃወምም። ከዚያ ጎን ግን አንድ ልመና አለኝ። በግቢያችሁ ውስጥ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ መደብ ስጡት። የራሱ ይሁን። ሲፈልግ ይቆፍረው፣ ሲፈልግ አጠገቡ ተቀምጦ ይየው። እናንተ ደግሞ እጃችሁን ሰብስቡ።

የከተማ ግብርና ሲነሳ፣ የሌማት ትሩፋት ሲነሳ የሚወራው ስለ ምርት ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ ገበያው ሁላችንንም እያስጨነቀን ነው። እኔ ግን ዛሬ የማወራው ስለ ደስታ ነው። ጓሮ ለልጅ የሚሰጠው ደስታ ገንዘብ አይጠይቅም፣ መብራት ሲጠፋ አይቋረጥም፣ ጎረቤትን አያስቀናም። ይህን ደስታ ሳያውቁት የሚያድጉ ልጆች በዙብን፤ ያሳዝነኛል።

ከተማችን ለጓሮ የተመቸች ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ላይ ነን፤ ቆላም አይደለንም፣ ደጋም አይደለንም። ዝናባችን ከመጋቢት ተነሥቶ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። አፈራችን ከጥንት እሳተ ገሞራ የተረፈ፣ ለሕፃን እጅ እንኳ እሺ የሚል ቀላል አፈር ነው። እንሰትና ማንጎ፣ ቡናና ፓፓያ፣ ጎመንና አቮካዶ በአንድ አጥር ውስጥ ጎን ለጎን የሚበቅሉበት ስንት ከተማ አለ? ክረምታችንም ቢሆን ቀኑን ሙሉ የሚያጨልም ክረምት አይደለም። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ወይም ሌሊት ይወርዳል፤ ጠዋት ፀሐይ ትወጣለች፤ ቅጠሉ ሁሉ ታጥቦ ያበራል። ያ ሰዓት የልጆች ሰዓት ነው።

ከደረቅ ቀናት በኋላ ዝናብ መሬቱን ሲመታ የሚነሣውን ሽታ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያ ሽታ በአብዛኛው ጂኦስሚን ከተባለ ንጥረ ነገር የሚመጣ ነው፤ የሚሠሩት ደግሞ አፈር ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አፍንጫችን እጅግ ጥቂቱን እንኳ ይለየዋል። ክፍል ውስጥ ባክቴሪያ የሚለውን ቃል ስጽፍ ተማሪዎች የሚያስቡት በሽታን ብቻ ነበር። የዝናቡን ሽታ የሚሠሩልን እነርሱ መሆናቸውን ስነግራቸው ፊታቸው ሲለወጥ ማየት ያስደስተኝ ነበር።

አሁን ስለ ሴራሚክ ልናገር፤ ቅር የሚላችሁ ካላችሁ ታገሡኝ። ቤት ተሠርቶ ሲያልቅ ግቢውን ዳር እስከ ዳር በሴራሚክ ወይም በሲሚንቶ ማልበስ ልማድ ሆኗል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ጭቃ አይገባም፣ ለማጽዳት ይቀላል፣ መኪና ይቆምበታል። ነገር ግን ሐይቃችን መውጫ ወንዝ የለውም። የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ ከተማው ላይ የወረደው ጎርፍ ይገባበታል፤ ወደ ሌላ ቦታ የሚወስድለት ወንዝ ግን የለም። ከየግቢያችን ታጥቦ የሄደ አፈርና ፕላስቲክ እዚያው ይቀራል። ክፍት አፈር ያለው ግቢ ዝናቡን ይጠጣል፤ የተነጠፈ ግቢ ወደ መንገድ ይተፋዋል። እባካችሁ፣ የነጠፋችሁም ብትሆኑ በአጥሩ ሥር አንድ ረድፍ አንሡለት። ለልጁ መደብ ያ ይበቃል።

ወደ ደስታው ልመለስ።

ብዙ ግቢ ውስጥ በሚያዝያ ወይም በግንቦት የተዘራ በቆሎ አሁን ቁመቱ ከልጆቹ በልጧል። በሐምሌና በነሐሴ እሸት ይሆናል። ከመሸልቀቃችሁ በፊት ልጁን ጥሩትና የበቆሎውን ፀጉር አሳዩት። እያንዳንዷ ክር የምትሄደው ወደ አንዲት ፍሬ ነው። ከላይ ካለው አበባ የወረደው ብናኝ ክሯ ላይ ካረፈ ፍሬዋ ትሞላለች፤ ካላረፈ ቦታዋ ባዶ ይቀራል። ጥርሱ እንደወላለቀ ሰው መሃል መሃሉ ክፍት የሆነ በቆሎ በልታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ብናኙን የሚያመላልሰው ነፋስ ስለሆነ በቆሎ በአንድ ቀጭን መስመር ብቻ ሲዘራ አይሞላለትም፤ በርከት ብሎ በአንድ ቦታ ሲዘራ ይሻለዋል። ይህን ያወቀ ልጅ ማታ ከሰሉ ዙሪያ ተቀምጦ እሸቱን ሲግጥ በእያንዳንዷ ፍሬ ላይ የነፋሱን ሥራ ያያል። ፈተና ላይ የማይጠየቅ እውቀት ነው፤ ግን ዕድሜ ልክ አብሮት ይኖራል።

የሎሚ ወይም የብርቱካን ዛፍ ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። ክንፏ ጥቁር ሆኖ ቢጫ ነጠብጣብ ያለባት ትልቅ ቢራቢሮ በእነዚህ ዛፎች ዙሪያ ስትዞር አይታችኋል? ለጋ ቅጠል ትመርጥና አንድ አንድ እያለች ክብና ገርጣ ያለ ቢጫ እንቁላል ታኖራለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል መጀመሪያ የወፍ ኩስ ይመስላል። ይህ ጥበብ ነው፤ ወፎች ትተውት ያልፋሉ። እያደገ ሲሄድ ቆዳውን ይለውጥና አረንጓዴ ይሆናል፤ ከቅጠሉ መለየት ያስቸግራል። በስንጥር ነካ ሲያደርጉት ከራሱ ኋላ ሁለት ሹካ ያለው ቀላ ያለ ቀንድ ብቅ ያደርጋል፤ ከቀንዱም ኃይለኛ ሽታ ይወጣል። ልጆች ይህን ሲያዩ ጩኸታቸው ጎረቤት ይሰማል። በመጨረሻም በቀጭን ክር ራሱን ከቅርንጫፉ ጋር አስሮ፣ ሽፋን ውስጥ ገብቶ ጸጥ ይላል። ቀናት ያልፋሉ፤ ከዚያ አንድ ጠዋት ሽፋኑ ተሰንጥቆ፣ ክንፏ የረጠበና የተጨማደደ ቢራቢሮ ትወጣለች። ክንፏ እስኪደርቅ ድረስ ተንጠልጥላ ትቆያለች። ይህ ሁሉ በአንድ የክረምት ዕረፍት ውስጥ ተጀምሮ የሚያልቅ ታሪክ ነው።

እናት ሆይ፣ አባት ሆይ፣ ያንን ትል ስታዩ ወዲያው መድኃኒት አትርጩ። ችግኙ ትንሽ ከሆነ ትሎቹን ለቅማችሁ ሁለት ሦስቱን ለልጁ ተዉለት። ጥቂት የተበላ ቅጠል ሎሚውን አይገድለውም።

ምን ይተከል? ሐምሌና ነሐሴ ከጳጉሜን ጋር 65 ቀን ናቸው። ልጅ ትዕግሥቱ አጭር ነው፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ደርሶ የሚበላውን መምረጥ ያስፈልጋል። ሰላጣ ይደርሳል፣ ቆስጣ ይደርሳል። ድንብላልም ለቅጠሉ ይደርሳል፤ ቢያብብ ደግሞ ንቦች ይመጡለታል። የቆስጣ ዘር የምትሉት አንዱ ቅንጣት በውስጡ ከአንድ በላይ ዘር ይዟል፤ ስለዚህ ከአንድ ጉድጓድ ሁለት ሦስት ቡቃያ ሲወጣ ልጁ ይደነቃል፤ ከዚያ ማሳሳት ይማራል። ቲማቲም እንዲጀምሩ ግን አልመክርም። በክረምት እርጥበት ቅጠሉን የሚያጠቁር በሽታ ቶሎ ይይዘዋል፤ የልጁ የመጀመሪያ ተክል ዓይኑ እያየ ሲበሰብስ ማየት አልፈልግም። ቲማቲሙ ዝናቡ ሲያባራ ይተከል።

የነሐሴ ወር የመጀመሪያው አጋማሽ ደግሞ ለብዙ ቤት የፍልሰታ ጾም ነው። ልጁ የራሱን ቆስጣ ቆርጦ ለእናቱ ሲያቀብል፣ ያ ወጥ ገበታ ላይ ሲቀርብና «የማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰማውን አስቡት። አንድ እፍኝ ቅጠል ለጎረቤት በአጥር በኩል የሚያቀብል ልጅም ሰላምታውን የተማረው በዚያው ነው። ሙስሊም ቤት፣ ጴንጤ ቤት፣ ኦርቶዶክስ ቤት ብሎ የሚለይ ጎመን የለም።

ውሃን በተመለከተ አንድ ስሌት እነሆ፤ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች በደንብ አድምጡ። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ጣሪያችሁ 40 ካሬ ሜትር ቢሆንና 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 400 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን 20 ጊዜ ይሞላል። ከአሸንዳው ሥር በርሜል አስቀምጡ። ነገር ግን በርሜሉን ክደኑት፤ በወንፊት ጨርቅም ቢሆን እሰሩት። በሐዋሳ ወባ አለ፤ የወባ ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው በቆመ ውሃ ላይ ነው፤ ከአንድ ሳምንት ብዙም ባልበለጠ ጊዜም ልትፈለፈል ትችላለች። ያገለገለ ጎማና የተጣለ ቆርቆሮ ውሃ ይዞ እንዳይቀመጥ ግቢውን መዞር የልጁ ሥራ ይሁን፤ በደስታ ይሠራዋል።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ይህ ሁሉ እኛን አይመለከትም እንዳትሉ። ሥሩ የተበሳ አሮጌ ባልዲ፣ አፈርና ፍግ የተሞላ ጆንያ፣ የተቆረጠ ጀሪካን በረንዳ ላይ ይቆማል። በሶብላና ጠጅ ሣር በጣሳ ይበቅላሉ፤ ሻዩን ያሸቱታል። ከሐይቁ ዳር የምትኖሩ ደግሞ ጦጣዎቹ ቀድመዋችሁ እንደሚበሉ አውቃለሁ። ለእነርሱ የማይጥሙ፣ ሽታቸው ኃይለኛ የሆኑትን ከፊት አድርጉ፤ ጤና አዳምን፣ ዳማከሴን ሞክሩ። የተረፈውን ከእነርሱ ጋር ተካፈሉ፤ እነርሱ በዚህ ዳርቻ ከእኛ በፊት ነበሩ።

ስለ እንሰት ብዙ ማለት እፈልግ ነበር፤ ግን ከእኔ የበለጠ የሚያውቁ አያቶች እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል። እናቶቼ፣ በዚህ ክረምት የልጅ ልጆቻችሁን ወደ እንሰቱ ውሰዷቸው። ዝናብ ሲመጣ ቅጠሉን ጥላ አድርገው ይሩጡ። የትኛው ዓይነት ለቆጮ፣ የትኛው ለቡላ፣ የትኛው ለመድኃኒት እንደሚሆን በስም በስሙ ንገሯቸው። ለመድረስ ዓመታት የሚፈጅ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት፣ ሥሩ ተቆርጦ ሲቀበር ግን በርካታ ልጆች የሚወጡለት ተክል መሆኑን አሳዩአቸው። ይህን ልጆቹ ከእኔ መጽሐፍ ይልቅ ከእናንተ አፍ ቢሰሙት ይሻላል። በዚያ ጊዜ ስልኩ ቤት ይቀመጥ።

ተማሪዎች፣ ለእናንተም አንድ ቃል። መደባችሁ ባያምር ምንም አይደለም። ረድፉ ቢጣመም፣ ዘሩ ተቀላቅሎ ቢወጣ፣ አረም መስሏችሁ የነቀላችሁት ካሮት ቢሆን ምንም አይደለም። ማንም ማርክ አይሰጥም። ጠዋት ተነሥታችሁ ፊታችሁን ሳትታጠቡ ወደ መደቡ የምትሄዱበት አንድ ቀን ይመጣል፤ ሌሊቱን ምን እንደበቀለ ለማየት። ያንን ቀን እመኝላችኋለሁ።

ወላጆች፣ ስትወጡ በቤተ መጻሕፍቱ በረንዳ ላይ መምህራኑ ያዘጋጁት ችግኝ አለ። አቮካዶው የተዳቀለ ነው፤ ከዘር ከሚበቅለው ቀድሞ ያፈራል፤ ሰፊ ቦታ ያላችሁ ውሰዱ። ፓፓያ የምትፈልጉ ሦስት ሦስት ውሰዱ፤ ወንድ ይሁን ሴት አበባ እስኪያወጣ ድረስ አይታወቅምና አንድ ብቻ መትከል አያስተማምንም። ስትተክሉ የፕላስቲክ ከረጢቱን ቅደዱ፣ ሥሩን አትበትኑ፤ ጉድጓዱንም ልጁ ይቆፍር። ሰማዩ ከሐይቁ በኩል እየጠቆረ ስለሆነ ሳይዘንብ ቶሎ ድረሱ። አመሰግናለሁ።