ፕላንኬት ለምን ደግሞ ከሰሰ?

ወገኖቼ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። በተለይ ዛሬ በሕግ የተመረቃችሁ ልጆቻችን። አዘጋጆቹ ስለ ሙያው ትንሽ ተናገር ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን የማወራችሁ ስለ አንድ ሰው ነው፣ ስለ ጆን ሂዩበርት ፕላንኬት።

አየርላንዳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1832 እዚህ አውስትራሊያ፣ ሲድኒ መጣ፣ በ1836 የኒው ሳውዝ ዌልስ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆነ። ያኔ ይህ አገር እንግሊዝ እስረኞቿን የምታራግፍበት ቅኝ ግዛት ነበር።

ጁን 10 ቀን 1838 ፈረሰኞች ማያል ክሪክ ወደሚባል የከብት እርባታ መጡ። 28 ያህል አቦርጂኖችን፣ የዚህን አገር ነባር ሕዝብ፣ በገመድ አስረው ነዷቸው። አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ። ገድለው አስከሬናቸውን አቃጠሉ። የጎጆው ጠባቂ ጆርጅ አንደርሰን፣ ራሱም እስረኛ፣ ሲወስዷቸው አይቶ ነበርና ያየውን ተናገረ። ባለ ከብቶቹ ደግሞ ገንዘብ አዋጥተው ለተከሳሾቹ ጠበቃ አቆሙ። ኖቬምበር 15 ጁሪው፣ ማለት ፍርድ እንዲሰጡ የተመረጡት ተራ ሰዎች፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይመክር 11ዱንም ተከሳሾች ነጻ አላቸው።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ስንቱ ዐቃቤ ሕግ ነው ይሄኔ ፋይሉን ዘግቶ ቤቱ የሚገባው? ፕላንኬት ግን አትልቀቋቸው አለ! ሰባቱን በአንድ ሕፃን ግድያ ደግሞ ከሰሳቸው። ተፈረደባቸው፤ ዲሴምበር 18 ተሰቀሉ። አብሯቸው የነበረው የባለ መሬት ልጅ ጆን ፍሌሚንግ ግን አልተያዘም።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ የቀሩት አራቱ ናቸው። በእነሱ ላይ ሊመሰክር የሚችል ዴቪ የሚባል አቦርጂን ነበረ። ሕጉ ግን ክርስቲያን ስላልሆነ መማል አይችልም፣ ስለዚህ አይመሰክርም አለ። መጀመሪያ ሃይማኖት ይማር ተባለ። ከዚያ ዴቪ ጠፋ፣ አራቱም ተለቀቁ። ሰው ገና አፉን ሳይከፍት ቃልህ አይታመንም ይባላል? እናንተ በ10 ዓመታችሁ ለእናቶቻችሁ ልታስተረጉሙ ቢሮ ለቢሮ የተንከራተታችሁ ልጆች፣ ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ነገ ፊታችሁ የሚቆመውን ሰው ንግግሩ አልገባኝም ብላችሁ እንዳታልፉት! እሱ እስኪገባችሁ ድረስ ጠይቁት!

ፕላንኬት በ1844 አቦርጂኖች እንዲመሰክሩ የሚፈቅድ ረቂቅ ሕግ ለምክር ቤቱ አቀረበ፤ ውድቅ አደረጉበት። በ1869 ሞተ። ያ ፈቃድ እዚህ የመጣው በ1876 ነው።

ማያል ክሪክ ላይ ከ2000 ጀምሮ መታሰቢያ አለ፤ በየዓመቱ ጁን ላይ ሰዎች ይሰበሰባሉ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ግን ዘንድሮ አውቶቡስ እንከራያለን። የምትሄዱ ስትወጡ በሩ ላይ ስማችሁን ለእኔ ስጡኝ።