ማታ የሠራ ጀነሬተር ጠዋት ለምን እምቢ ይላል?

ሰላም ሰላም ቤተሰቦች፣ እንዴት ናችሁ! ዛሬ የምናወራው ስለ ናፍታ ጀነሬተር ነው። ማታ ድረስ ጥሩ አድርጎ ሲሠራ አምሽቶ ጠዋት እምቢ ስለሚለው። መብራት ይጠፋል። ቁልፉን ታዞራላችሁ። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ይዞራል። ሞተሩ ግን አይነሳም። ታንኩ ሙሉ ነው፣ ባትሪው ደህና ነው፣ መሬቱ ላይ አንዲት ጠብታ ናፍታ የለም። ታዲያ ምን ሆነ?

አንድ ዳቦ ቤት በዚህ ጉዳይ ሌሊት ተጠርቼ ነበር። ሊጡ ኩፍ ብሎ ይጠብቃል፣ ምድጃው የሚሠራው በመብራት ነው። ከእኔ በፊት ሁለት ሰው አይቶት "ምንም አያፈስም፣ ፓምፑ ነው የሞተው" ብሎ ሄዷል። ባለቤቷ ለአዲስ ፓምፕ ብር ቆጥራ ይዛለች። በመጨረሻ ያገኘነው ምን መሰላችሁ? አንዲት ያረጀች ሮንዴላ፣ ብሎን ሥር የምትገባዋ ቀለበት! እኚያን ሴትዮ እያሰብኩ ነው ይህን ቪዲዮ የሠራሁት።

እስቲ ጀነሬተሩን ለጊዜው እንተወውና ቤታችን እንግባ። ውኃ በፈረቃ የሚደርሳችሁ ሰዎች ይሄን ታውቁታላችሁ። በርሜሉ ከፍ ያለ ነገር ላይ ተቀምጧል፣ ጀሪካኑ ታች ነው። የጎማውን አንድ ጫፍ በርሜሉ ውስጥ ትከታላችሁ፣ ሌላውን ጫፍ በአፋችሁ ሳብ ታደርጋላችሁ። ውኃው አፋችሁ ሲደርስ ቶሎ ብላችሁ ወደ ጀሪካኑ! ከዚያ በኋላ በራሱ ይወርዳል። አይደል?

አሁን ጎማው መርፌ የወጋው የምታህል ቀዳዳ አለችው እንበል። ቀዳዳዋ ታች፣ ወደ ጀሪካኑ በወረደው በኩል ከሆነች የጎማውን ጫፍ ደፈን ስታደርጉት ጭርር ብላ ትረጫለች። ታዩአታላችሁ፣ በጣታችሁ ትይዟታላችሁ። ላይ ብትሆንስ? ጎማው ከበርሜሉ አፍ ወጥቶ በሚታጠፍበት ጋ ብትሆንስ? እዚያ ምንም አይንጠባጠብም። ጎማው ደረቅ ነው። እናንተ ግን ስትስቡ፣ ስትስቡ፣ ጉንጫችሁ እስኪዝል ስትስቡ አፋችሁ የሚገባው አየር ነው። ውኃው ቢጀምር እንኳ ትንሽ ወርዶ ይቆማል። አጠገባችሁ ያለው ልጅ "ጎማው እኮ አያፈስም" ይላችኋል። ልክ ነው፣ ውኃ ወደ ውጭ አያፈስም። አየር ወደ ውስጥ ነው የሚያስገባው።

ይህችን ያዙልኝ። አየር ወደ ውስጥ ነው የሚያስገባው።

አሁን ወደ ጀነሬተሩ እንመለስ። የብዙዎቹ ታንክ ከሞተሩ ሥር ነው። ስለዚህ ከታንኩ እስከ መጋቢው ፓምፕ፣ ናፍታውን ከታንኩ እስከሚስበው ፓምፕ ድረስ ናፍታው የሚመጣው ተስቦ ነው። ያ ክፍል የጎማው መታጠፊያ ማለት ነው። እዚያ ያለ ቀዳዳ ሞተሩ ሲሠራ አየር ይስባል እንጂ አያንጠባጥብም። ከመጋቢው ፓምፕ ወዲያ ያለው ደግሞ እየተገፋ ነው የሚሄደው፣ እዚያ ካፈሰ ታዩታላችሁ። ማታ ሞተሩ ሲጠፋ በዚያች በማትታየው ቀዳዳ አየር ይገባል፣ ናፍታው ቀስ እያለ ወደ ታንኩ ይመለሳል። ሲነጋ ቧንቧው ባዶ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሆነው ይሄው ነው!

እዚህ ላይ ካለፈው ቪዲዮ ሥር ብዙዎቻችሁ የጻፋችሁትን ማንሳት አለብኝ። "ካንዴላውን ቀይረው"፣ "ካንዴላው እሳት አይሰጥም" ብላችኋል። ቤተሰብ፣ ናፍታ ሞተር እሳት የሚሰጥ ካንዴላ የለውም። ካንዴላ ያለው የቤንዚን ሞተር ነው። ናፍታ ሞተር አየርን ብቻ ያስገባና ከ15 እስከ 20 እጥፍ ያህል ይጨምቀዋል። አየሩ ከ500 ዲግሪ በላይ ይግላል። ናፍታው እዚያ ግለት ውስጥ ሲረጭ ራሱ ይነዳል። ሩዶልፍ ዲዝል ይህን ሞተር ጀርመን አገር አውግስቡርግ ላይ በ1897 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲያሳካው የሐሳቡ እምብርት ይሄ ነበር። አንዳንዱ ሞተር ላይ የምታዩት የካንዴላ ዘመድ የሚመስል ነገር ማሞቂያ ነው። ብርድ ላይ ሲነሳ ያግዛል፣ እሳት ግን አይረጭም።

ሌላው ሰው ደግሞ "በቤንዚን የራሰ ጨርቅ አየር ማስገቢያው ላይ ስይዝለት ይነሳል" ብሏል። እባካችሁ ተዉት። ቤንዚኑ የሚነደው ያለ ጊዜው ነው። ፒስተን ይሰብራል፣ እጅ ያቃጥላል። ማሞቂያ ያለው ሞተር ላይ ኤተር፣ ያንን ቶሎ የሚነድ ማስነሻ ፈሳሽ፣ መርጨት ደግሞ ፍንዳታ መጥራት ነው። በዚያ ላይ፣ እሺ ተነሳ እንበል፤ አየር የምትስበው ቀዳዳ የት ሄደች? እዚያው ናት። ነገም ጠዋት እዚያው ናት።

ታዲያ እንዴት እናገኛታለን? በመጀመሪያ ሞተሪኖው ሲዞር ጭሱን እዩ። ምንም ጭስ ካልወጣ ናፍታው ኖዝል፣ ሞተሩ ውስጥ የሚረጨው አፍ ጋ፣ አልደረሰም። ነጭ ጭስ ከወጣ ደርሷል፣ ግን አልነደደም። ያኔ ነገሩ የግለት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። የሚጨመቀው አየር ስስ ነው ማለት ነው። ንጋት ላይ ብርዱ ሲጨመርበት ያረጀ ሞተር ይቸገራል።

ጭስ ከሌለ እኔ የምወደው ሙከራ የጀሪካን ሙከራ ነው። ንጹሕ ናፍታ በጀሪካን ከሞተሩ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። በንጹሕ ጎማ በቀጥታ ወደ መጋቢው ፓምፕ አገናኙት፣ አየሩን አውጡና አስነሱ። ተነስቶ ሳይቆም ከሠራ ፓምፑና ኖዝሉ ጤነኛ ናቸው። ችግሩ ከታንኩ እስከዚያ ባለው መንገድ ላይ ነው። የዳቦ ቤቷ ባለቤት ብሯን ወደ ቦርሳዋ የመለሰችው በዚህ ሙከራ ነው!

ከዚያ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ እዩ፦ የውኃ መለያው፣ የናፍታ ማጣሪያው (የፊልትሮው) ማሸጊያ ጎሚኒ፣ የደረቀ ጎማ፣ የላላ ማሰሪያ። የመዳብ ሮንዴላ አንዴ ከተጨፈለቀ ይጠነክራል፣ ድጋሚ በደንብ አይገጥምም። ዋጋው ትንሽ ነው፣ በፈታችሁት ቁጥር ቀይሩት። ብሎኑን ከልክ በላይ ማጥበቅ መድኃኒት አይደለም፣ ጥርሱን ይበላል።

አየር ማውጣቱን በፍጥነት ልበለው፣ ለብቻው ቪዲዮ ስላለን ቻናሉ ውስጥ ታገኙታላችሁ፣ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁም እግረ መንገዳችሁን አድርጉ። የፊልትሮውን ማስተንፈሻ ብሎን ፍቱ፣ የእጅ ፓምፑን አረፋ የሌለው ናፍታ እስኪወጣ ግፉ፣ ብሎኑን አጥብቁ። አሁንም ካልተነሳ የኖዝሎቹን ቧንቧ ማሰሪያ ዳዶ ትንሽ አላሉ፣ ሞተሪኖውን አዙሩ፣ ናፍታ ሲመጣ አጥብቁ። በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ አታዙሩት። አንድ ሁለት ደቂቃ አሳርፉት።

አንድ ነገር ግን አደራ። ወደ ኖዝል የሚሄደው የብረት ቧንቧ ሲያፈስ በእጃችሁ አትፈልጉ። የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው ግፊት 2 ባር ገደማ ነው። የተለመደው የድሮ ኖዝል የሚከፈተው 200 ባር አካባቢ ነው። ያ ናፍታ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ነጥብ ይመስላል፣ አያምም ይሆናል፣ ውስጥ ለውስጥ ግን ሥጋውን ይገድለዋል። ገብቶባችሁ ከሆነ እስኪያብጥ አትጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱና ምን እንደገባ ንገሯቸው። ፍሳሹን ለመፈለግ ካርቶን ያዙበት፣ ካርቶኑ ይረጥባል። የጋለው ማርሚታ፣ የጭስ ማውጫው ላይ የሚንጠባጠብ ናፍታ ካያችሁ ደግሞ ወዲያው አጥፉት፣ ይቃጠላል።

ሞተሪኖው ራሱ ጭራሽ የማይዞርባችሁ ከሆነ ያ የባትሪና የገመድ ጉዳይ ነው። እሱን በሚቀጥለው ቪዲዮ እናየዋለን።