«ይሄ አስተሳሰብ ነው እንዴ? እውነት ነው እንጂ!» ስለ ድባቴ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት መስመር ላይ የገባው ሁሉ ማለት ይቻላል የጠየቀው ስለ ድባቴ (ዲፕሬሽን) ነው። ሰዓት አጥሮኝ በጥድፊያ የመለስኳቸውን እዚህ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ጽፌያቸዋለሁ። የደዋዮቹን ማንነት የሚጠቁም ነገር አውጥቻለሁ፤ አነጋገራቸውን ግን አልነካሁትም።

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው፣ ምንም ነገር አያስደስተኝም። አላለቅስም፣ ዝም ብሎ ባዶ ነው። ቤተሰቦቼ ስንፍና ነው ይሉኛል። ድባቴ ቢሆን ማልቀስ አልነበረብኝም?»

እህቴ፣ ማልቀስ ግዴታ አይደለም። ድባቴ የያዛቸው ብዙ ሰዎች «ከፋኝ» አይሉም፤ «ምንም አይሰማኝም» ነው የሚሉት። ባለሙያ የሚያየው ከ9 ምልክቶች ቢያንስ 5ቱ አብዛኛውን ቀን፣ በየቀኑ በሚባል ሁኔታ፣ ለ2 ሳምንትና ከዚያ በላይ መቆየታቸውንና ኑሮን ማወካቸውን ነው። ከ5ቱ አንዱ ወይ የተጫነው ስሜት ወይ ደግሞ አንቺ እንዳልሽው የፍላጎትና የደስታ መጥፋት መሆን አለበት። ሌሎቹ የእንቅልፍ መዛባት፣ የምግብ ፍላጎት መለወጥ፣ ድካም፣ ሀሳብን መሰብሰብ ማቃት፣ መንቀርፈፍ ወይም መቁነጥነጥ፣ ራስን ዋጋ ቢስ አድርጎ ማየትና ስለ ሞት ማሰብ ናቸው። ስንፍና ለሚሉሽ ደግሞ እንዲህ በያቸው፦ ሰነፍ ሰው ሥራውን ትቶ የሚወደውን ያደርጋል፤ እኔ የምወደውንም ትቻለሁ።

አንድ ነገር ግን አትዝለዪ። መጀመሪያ ጤና ተቋም ሄደሽ ተመርመሪ። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መቀነስ፣ የደም ማነስ፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም ቁርጥ ድባቴ የሚመስል ነገር ያመጣሉ።

ጥያቄ፦ «ባለሙያ ጋ ሄጄ ‹አስተሳሰብህ ተዛብቷል› አለኝ። ከሥራ ተባርሬያለሁ፣ ትዳሬም ፈርሷል። ይሄ አስተሳሰብ ነው እንዴ? እውነት ነው እንጂ!»

ወንድሜ፣ መናደድህ አይገርመኝም። ሥራህን ማጣትህ እውነት ነው። ይህንን ሊያስክድህ የሚሞክር ባለሙያ ካጋጠመህ ሌላ ፈልግ። የኔ ጥያቄ ከዚያ ቀጥሎ ስለሚመጣው ነው። «ሥራዬን አጣሁ» ካልክ በኋላ በጭንቅላትህ ውስጥ ምን አለፈ? «እኔ የማልረባ ሰው ነኝ፣ ከእንግዲህ የሚቀጥረኝም የለም፣ ያለቀለት ሕይወት ነው» ብለህ ከሆነ የመጀመሪያው የደረሰብህ ነገር ነው፣ የቀረው ግን ፍርድ ነው። ድባቴ ሁለቱን አንድ ላይ ሰፍቶ ያቀርብልሃል፣ አንተም ሁለቱንም እንደ ማስረጃ ትቀበላለህ።

ይህንን በግልጽ ካዩት ቀዳሚ ሰዎች አንዱ አሮን ቤክ የተባለው አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ነው። ታሪኩን የምወደው መጀመሪያ የተነሳው ሌላ ነገር ሊያረጋግጥ ስለነበር ነው። ሥልጠናው የሥነ አእምሮ ትንተናን በመሠረተው በፍሮይድ መንገድ ነበር፤ በዚያ ዘመን ድባቴ ማለት ወደ ራስ የዞረ ቁጣ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ቤክ የታካሚዎቹን ህልም መርምሮ ቁጣውን ለማግኘት ተነሳ። ያገኘው ግን ሽንፈትን፣ ማጣትንና መገፋትን ነው። ታካሚዎቹን ሲያዳምጥ ደግሞ ከሚናገሩት ጎን ለጎን ሳይጠሯቸው ብልጭ ብለው የሚያልፉ ሀሳቦች እንዳሏቸው አስተዋለ። «ይሄን ሐኪም ሰልችቼዋለሁ» ዓይነት። አውቶማቲክ ሀሳቦች ብሎ ጠራቸው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባሳተማቸው ሥራዎች እነዚህ ሀሳቦች በሦስት ነገር ዙሪያ እንደሚሽከረከሩ ጻፈ፦ እኔ አልረባም፣ ዓለም አይመችም፣ ነገም አይሻልም።

በዝርዝር እንየው። ለጓደኛህ መልእክት ላክህ። አንብቦታል፣ አልመለሰም። ሆድህ ባር ባር አለ። መሃል ላይ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አልፏል፦ «ሰልችቼዋለሁ»። ወረቀት አውጣ። የሆነውን ጻፍ፣ «መልእክቴን አንብቦ ዝም አለ»። ስሜትህን ጻፍ፣ ሐዘን፣ ከ100 ስንት? 80 በል። ሀሳቡን ጻፍ፣ ምን ያህል ታምነዋለህ? 90። አሁን ለሀሳቡ የሚመሰክረውንና የሚቃወመውን ለየብቻ አስቀምጥ። ባለፈው ሳምንት ማን ነው የደወለው? እሱ። ከዚህ በፊትስ አንብቦ ማታ የመለሰበት ጊዜ የለም? አለ። አንተ ራስህስ ስንቱን አንብበህ ትተሃል? ከዚያ ሌላ አባባል ፈልግ፣ «ለምን እንዳልመለሰ አላውቅም»። እምነትህን እንደገና መዝን። 90 የነበረው ወደ ዜሮ አይወርድም፣ እንዲወርድም አትጠብቅ። 50 ከገባ ትልቅ ነገር ነው። በ50 ስልክ አንስተህ ትደውልለታለህ፤ በ90 ግን ተሸፋፍነህ ትተኛለህ።

ልብ በል፣ «በጎ በጎውን አስብ» አላልኩህም። እሱ ምክር በግሌ ይጎረብጠኛል፣ ምክንያቱም ሰውዬው ራሱን ማታለል ካቃተው «ይሄም አቃተኝ» ብሎ ይጨምርበታል። ከቤክ ሥራ የተነሳው የንግግር ሕክምና ኮግኒቲቭ ቴራፒ ይባላል፤ ሥራውም ሀሳብን ማሳመር አይደለም፣ መመርመር ነው። ተመርምሮ እውነት ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ችግሩን ወደ መፍታት እንሄዳለን። አንተን በተመለከተ ሥራ ፍለጋው ራሱ የሕክምናው አካል ይሆናል ማለት ነው።

ስለ ትዳርህ አንድ ነገር ልጨምር። አብራምሰን፣ ሴሊግማንና ቲስዴል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1978 (እ.ኤ.አ.) ባቀረቡት ሀሳብ ተስፋ የሚያስቆርጠው መከራው ብቻ ሳይሆን ምክንያቱን የምናስረዳበት መንገድም ነው። ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው፣ ሁሌም እንዲህ ነኝ፣ በሁሉም ነገር እንዲህ ነኝ። ሦስቱ ሲገጣጠሙ ሰው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። «የማልረባ ባል ነበርኩ» እና «በመጨረሻዎቹ ዓመታት ብዙ ተጣላን፣ እኔም ማድመጥ ትቼ ነበር» ሁለቱም ያማሉ። ሁለተኛው ግን የሚስተካከል ነገር ያሳይሃል።

ጥያቄ፦ «ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ለምን እንዲህ ሆንኩ፣ ምን ብበድል ነው እያልኩ አወጣለሁ አወርዳለሁ። ምክንያቱን ባገኘው የሚቀለኝ ይመስለኛል። ማሰብ ክፉ ነው እንዴ?»

ማሰብ ክፉ አይደለም እህቴ። አንቺ የምታደርጊው ግን ማብሰልሰል ነው። ሱዛን ኖለን-ሆክሴማ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህንን ዕድሜዋን ሙሉ አጥንታዋለች። በጥናቶቿ ስሜታቸው የወረደ ሰዎች ለጥቂት ደቂቃ ስለ ስሜታቸውና ስለ ምክንያቱ እንዲያብሰለስሉ ሲደረግ ይበልጥ ይወርዱ ነበር፤ ትኩረታቸው ወደ ሌላ ነገር የተመለሰላቸው ግን ቀለል ይላቸዋል።

ለምን ቢባል፣ የተከፋ አእምሮ ትዝታ ሲፈልግ በብዛት የሚያገኘው የተከፋበትን ነው። ሌሊት «ለምን» ብለሽ ስትጠይቂ ማህደሩ ወገንተኛ ሆኖ ነው የሚመልስልሽ፤ ከአሥር ዓመት በፊት ያፈርሽበትን ቀን አቧራውን አራግፎ ያመጣዋል፣ የተመሰገንሽበትን ግን አያገኘውም። ምክንያቱን ያገኘሽ ሲመስልሽ ጥፋተኝነት ነው ያገኘሽው።

መለያው ቀላል ነው። ትንሽ ካሰብሽ በኋላ «ነገ ይህንን አደርጋለሁ» የሚል ነገር ወጣ? ከወጣ ማሰብ ነበር። ካልወጣ አልጋው ላይ አትከራከሪ፣ ተነሺ፣ ሌላ ክፍል ሄደሽ እጅሽን የሚይዝ ነገር አድርጊ፣ እንቅልፍ ሲመጣ ተመለሺ። ጥያቄውንም ቀይሪው። «ለምን እኔ?» ከማለት «ዛሬ ከሰዓት በትክክል ምን ሆነ? ቀጥሎ ምን ላድርግ?» በዪ።

ጥያቄ፦ «ባለቤቴን ‹ተነሺ፣ ጠንከር በይ፣ ወጣ ወጣ በይ› ብዬ ደከመኝ። ጭራሽ ትቆጣኛለች። ሲሻለኝ እወጣለሁ ነው መልሷ።»

ጠንከር በይ የሚለውን ቃል ከዛሬ ጀምሮ ተወው። እሷ ጠዋት ፊቷን ለመታጠብ የምታወጣውን ጉልበት ብታየው ደካማ አትላትም ነበር።

«ሲሻለኝ እወጣለሁ» ያለችው ግን ድባቴ በጣም የሚወደው አባባል ነው። ነገሩ በተቃራኒው ነው የሚሠራው። ስታቆም የሚያስደስታት ነገር ይቀንሳል፣ ሲቀንስ ፍላጎቷ ይጠፋል፣ ሲጠፋ ይበልጥ ታቆማለች። ይህንን ቀለበት ከድርጊት በኩል መስበር ይቻላል። በ1996 (እ.ኤ.አ.) ጃኮብሰን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ ኮግኒቲቭ ቴራፒን በየክፍሉ ፈታትተው ሲያወዳድሩት ሰዎችን ወደ ድርጊት የመመለሱ ክፍል ብቻውን ከሙሉ ሕክምናው ጋር ተቀራራቢ ውጤት አመጣ። ሀሳብ ላይ ለምንሠራ ሰዎች ትንሽ የሚያሳፍር ግኝት ነበር፣ ግን ጠቅሞናል።

ታዲያ «ውጪ» ማለት አይበቃም፣ ትንሽና ቁርጥ ያለ ነገር ይሁን። «ነገ 4 ሰዓት ላይ አብረን 10 ደቂቃ እንራመድ፣ ደስ ባይልሽም ችግር የለም።» ከመውጣቷ በፊት ምን ያህል ደስ ይለኛል ብላ እንደምትገምት ከ10 ትስጥ፣ ስትመለስም ትስጥ። በድባቴ ውስጥ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ዝቅ አድርጎ ይገምታል፤ 1 ብላ ወጥታ 3 ይዛ ትመለሳለች። በ3 አትሳቅ። ካልወጣችም አትቆጣ፣ ነገ 5 ደቂቃ አድርገው።

ጥያቄ፦ «ወንድሜ ‹ተኝቼ ባልነቃ ደስ ይለኝ ነበር› አለኝ። ራሱን ሊያጠፋ አስቦ እንደሆነ ልጠይቀው ፈልጌ ሀሳቡን እኔው እንዳላስገባበት ፈራሁ።»

ጠይቂው። ዛሬውኑ። በቀጥታ መጠየቅ ሀሳቡን አያስገባም፤ እንዲያውም ብዙዎች በመጨረሻ የጠየቃቸው ሰው በማግኘታቸው እፎይ ይላሉ። «ራስህን ስለ ማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» በይው፣ አትሸፋፍኚው። አዎ ካለ እንዴትና መቼ እንዳሰበ ጠይቂ። ዕቅድ ካለው ወይም መጠቀሚያው በእጁ ካለ ብቻውን አትተዪው፣ መድኃኒትም መርዝም መሣሪያም ከአጠገቡ ይራቅ፣ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ውሰጂው። ለማንም አትንገሪ ብሎ ቢያስምልሽም ይህን ምስጢር አትጠብቂ። ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው እንዲህ እያሰበ ከሆነም ጽሑፉን እዚህ ያቁምና አጠገቡ ላለ ሰው ይንገር።

ጥያቄ፦ «ልጄ፣ እኔ እንኳ ስለ መድኃኒቱ ነበር። ለልጄ የድባቴ ክኒን ታዘዘለት። ሱስ አይሆንበትም? ሳምንት ወሰደው፣ ምንም ለውጥ የለም።»

እማማ፣ ፀረ ድባቴ መድኃኒቶች እንደ ሱስ ዕፅ አምጣ አምጣ አያሰኙም። ነገር ግን በድንገት ሲቋረጡ ማዞር፣ መነጫነጭና የእንቅልፍ መረበሽ ያመጣሉ፣ ስለዚህ ሲቆሙም በሐኪም እጅ ቀስ በቀስ ነው። አንድ ሳምንት ደግሞ ገና ነው። ለውጡ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል፣ ማቅለሽለሹ ግን ቀድሞ ይመጣል፤ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚተወውም እዚህ ጋ ነው። ሲሻለውም ቢያንስ ለ6 ወር ያህል እንዲቀጥል ይመከራል። ልጅዎ ከ25 ዓመት በታች ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠጋ ብለው ይዩት፣ ዕረፍት ካጣ ወይም ስለ ሞት ካወራ ወዲያው ለሐኪሙ ይንገሩ። ከዚህ በፊት እንቅልፍ ሳይተኛ ለቀናት በጉልበት የሚሞላበት፣ ከልክ በላይ የሚፈነጥዝበት ጊዜ ከነበረም ይህን ሐኪሙ ማወቅ አለበት፤ ባይፖላር (ስሜት በየጊዜው ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም) ከሆነ ሕክምናው ይለያል።

መድኃኒት ወይስ የንግግር ሕክምና ለሚለው፣ ቀለል ላለውና ለመካከለኛው ሁለቱም ይሠራሉ። ለከበደው ሁለቱን ማጣመር ይሻላል።

ጥያቄ፦ «ሦስት ጊዜ ይዞኝ ለቆኛል። አሁን ደህና ነኝ፣ ግን ትንሽ ሲከፋኝ ‹መጣ› ብዬ እሸበራለሁ።»

ፍርሃትህ ከመሬት አልተነሳም፤ ድባቴ በተደጋገመ ቁጥር ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ ይጨምራል። ብዙ ጊዜ የያዘው ሰው ላይ ተራ መከፋት የድሮዎቹን ሀሳቦች በቀላሉ ይቀሰቅሳቸዋል። ሲጋል፣ ዊልያምስና ቲስዴል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያዘጋጁት የ8 ሳምንት የቡድን ሥልጠና አለ፣ አስተውሎትን (ማይንድፉልነስ) ከኮግኒቲቭ ቴራፒ ጋር ያጣመረ። ሀሳቡን ከመከራከር ይልቅ «እነሆ፣ ‹አልረባም› የሚለው ሀሳብ መጣ» ብሎ ማየትን ያለማምዳል። በ2000 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ጥናት ልክ እንዳንተ 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ከያዛቸው ሰዎች መካከል በተለመደው ሕክምና ብቻ ከቀጠሉት 66 በመቶው አገርሽቶባቸው ነበር፤ ሥልጠናውን ከወሰዱት ግን 37 በመቶው።

እስከዚያው ደህና ሆነህ ሳለህ አንድ ወረቀት ጻፍ። ባለፉት ጊዜያት ከሁሉ በፊት የተለወጠው ምን ነበር? አንዳንዱ ስልክ ማንሳት ያቆማል፣ አንዳንዱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መንቃት ይጀምራል። ያንተን አንተ ታውቀዋለህ፣ አብሮህ የሚኖረው ሰው ደግሞ ካንተ ቀድሞ ሳያየው አይቀርም፤ ጠይቀው። ከሥር ያን ጊዜ ምን እንደምታደርግና ለማን እንደምትደውል ጻፍ። አንድ ቀን ቢከፋህ ቀን ነው። ከወረቀቱ ላይ ሁለት ምልክት ለሳምንት ከቆየ ግን 2 ሳምንቱ እስኪሞላ ሳትጠብቅ ደውል።