የቤት ስልኩን ቁጥር ሳንለቅ ኢንተርኔቱን ስንቀይር

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ደብረ ብርሃን በሚገኘው በእናቴ ቤት ሰሞኑን ስንወያይበት የቆየ ነው። በመዳብ የስልክ መስመር የሚመጣውን ኢንተርኔት ወደ ፋይበር ለማዛወር፣ በዚያውም በየወሩ የምንከፍለውን ገንዘብ ለመቀነስ ተስማምተናል፤ ነገር ግን እናቴ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጣለች። አባታችን በሕይወት ሳሉ ያስገቡት፣ በ011 የሚጀምረው የቤት ስልክ ቁጥር መነካት የለበትም። መጀመሪያ ላይ ይህ የናፍቆት ጥያቄ መስሎኝ ነበር፤ ጉዳዩን ስመረምረው ግን ከሁላችንም ይልቅ ተጨባጭ ምክንያት ያቀረበችው እሷ ሆና አገኘኋት።

ቁጥሩ በዕድሩ መዝገብ ላይ ተጽፏል፤ በባንክ ፎርም ላይ አለ፤ አባታችን ይነግዱበት በነበረው ሱቅ ሰሌዳ ላይም ቀለሙ እየለቀቀ አሁንም ይነበባል። ከሁሉም በላይ ደግሞ በመሀል ሜዳ፣ በሸዋ ሮቢትና በአንኮበር ያሉ ዘመዶቻችን ከባድ ወሬ ሲኖር የሚደውሉት በዚህ ቁጥር ነው። ሞባይል አንድን ሰው ብቻውን ያገኘዋል፤ የቤት ስልክ ግን ቤቱን ነው የሚያገኘው። አንድ ዘመድ ሲያርፍ ደዋዩ ስልኩን ያነሣው ማን እንደሆነ ይጠይቃል፤ ያነሣው ራሱ ሐዘንተኛው ከሆነ ነገሩን በሌላ ወሬ ይሸፍነውና ለጎረቤት ይደውላል፤ ሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ መርዶው በወጉ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ እንዲነገር ያደርጋል። ይህን በሞባይል ማድረግ አይቻልም ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን የእናቴ ዕድሜ እኩዮች በዚህ ሥርዓት የሚተማመኑት ቁጥሩ የቤት ስለሆነ ነው።

ቁጥሩን ካነሣሁ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። ሰሜን ሸዋ በአስተዳደር የአማራ ክልል ዞን ነው፤ የደብረ ብርሃን የቤት ስልክ ግን እንደ ደሴ በ033 ወይም እንደ ባሕር ዳር በ058 ሳይሆን፣ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ከምትርቀው ከአዲስ አበባ ጋር በአንድ ኮድ፣ በ011 ይጀምራል። የኢትዮጵያ ስልክ ቁጥሮች በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ አስር አሃዝ ሲሆኑ ሰዉ ሁሉ ደብተሩን እያረመ ነበር፤ ቁጥሩ ዳግመኛ ቢቀየር ግን ያን ደብተር የሚያርሙት እጆች አብዛኞቹ ዛሬ የሉም።

አሁን ወደ ሽቦው እንምጣ። በመዳብ መስመር ላይ ድምፅና ኢንተርኔት በአንድ ጥንድ ሽቦ አብረው ይጓዛሉ። ድምፁ ከታች፣ እስከ 4 ኪሎ ኸርዝ ባለው ጠባብ ክፍል ይሄዳል፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ ከ25 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ጀምሮ ከዚያ በላይ ያለውን ይይዛል፤ ግድግዳው ሥር የተሰካችው ትንሿ ማጣሪያም ሁለቱን ትለያቸዋለች። ማጣሪያዋ ከተነቀለች ወይም ከተበላሸች ስልኩ ይሻክራል፤ ኢንተርኔቱም ስልክ በተጠራ ቁጥር ይቆራረጣል። ከዚህ በተጨማሪ መዳብ ርቀትን አይወድም። ቤቱ ከስልክ ማዕከሉ በራቀ መጠን ፍጥነቱ ይወርዳል፤ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስም የሚረባ ነገር አይቀርም። በክረምት ደግሞ በመገናኛ ሳጥኖች ውስጥ የሚገባው እርጥበት ድምፁን ያንሾካሹከዋል። ፋይበር ብርሃን የሚያስተላልፍ የመስታወት ክር ስለሆነ ከእነዚህ ችግሮች ነጻ ነው፤ ስለዚህ ከፍጥነትና ከጥራት አንጻር ክርክር የለም።

ክርክሩ ያለው መብራት ሲጠፋ ነው። የመዳብ መስመር ለስልኩ የሚያስፈልገውን ኃይል፣ ወደ 48 ቮልት የሚሆን፣ ከማዕከሉ ይዞ ይመጣል፤ ማዕከሉ ደግሞ የራሱ ባትሪዎች አሉት። ስለዚህ ከተማው ሁሉ ጨለማ ውስጥ ሲሆን ያ በዳንቴል የተሸፈነ ስልክ ይጠራል። ፋይበር ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ድምፁ በኢንተርኔቱ ላይ እንደማንኛውም መረጃ ተጭኖ ይመጣና፣ ግድግዳው ላይ ከሚሰቀለው የፋይበር ሞደም ጀርባ ካለው የስልክ መሰኪያ ይወጣል፤ ሞደሙ መብራት ካላገኘ ስልኩም አብሮ ዝም ይላል። ስለ ፋይበር ሲወራ ይህ ነገር ብዙ ጊዜ የማይነሣ ይመስለኛል፤ በቤቱ ብቻዋን ለምታድር አሮጊት ግን ከፍጥነቱ ሁሉ የሚበልጠው ይኸው ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። አብዛኞቹ የፋይበር ሞደሞችና ራውተሮች የሚሠሩት በ12 ቮልት ስለሆነ፣ ለእነሱ ተብሎ የሚሸጠው ትንሽ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ፣ ይበቃቸዋል። ሁለቱ መሣሪያዎች በድምሩ 10 ዋት ቢፈልጉና ባትሪው 30 ዋት-ሰዓት ቢይዝ፣ በስሌት 3 ሰዓት፣ በተግባር ደግሞ ከዚያ ጥቂት ያነሰ ጊዜ ያቆያል። ከመግዛት በፊት ግን በሞደሙ አስማሚ ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር ማንበብ ግዴታ ነው፤ አንዳንዶቹ ከ12 ቮልት የተለየ ይጠይቃሉ። ሌላም መፈተሽ ያለበት ነገር አለ፤ ቁጥሩ በሚዞር ዲስክ የሚደወልበት የድሮ ስልክ ያላችሁ ሰዎች፣ ብዙ የፋይበር ሞደሞች የዚያን ስልክ አደዋወል ስለማይረዱት፣ ጥሪ ብትቀበሉበትም ላትደውሉበት ትችላላችሁ።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ፤ ምክንያቱም ሰዎች በጣም የሚሳሳቱበት ቦታ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቁጥር በሽቦው ውስጥ የሚኖር ነገር አይደለም፤ በአገልግሎት ሰጪው ሥርዓት ውስጥ በአንድ ደንበኛ ስም የተመዘገበ መረጃ ነው። ሽቦው ሲቀየር ቁጥሩ የግድ አይጠፋም፤ የሚያጠፋው ውሉ መቋረጡ ነው። ስለዚህ «የድሮውን አቋርጡልኝ፤ አዲስ አስገቡልኝ» በማለትና «ያለኝን አገልግሎት ከነቁጥሩ ወደ ፋይበር አዛውሩልኝ» በማለት መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። በመጀመሪያው አነጋገር ቁጥሩ ተለቅቆ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ በሁለተኛው ግን ከውሉ ጋር ይሻገራል። አዲሱ ውል ከመፈረሙ በፊት የድሮው ቁጥር በጽሑፍ ሰፍሮበት እንደሆነ ማየት፣ ፋይበሩ ከገባም በኋላ ከሞባይል ወደ ቤት ስልኩ፣ ከቤት ስልኩም ወደ ሞባይል ደውሎ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ይህ ሳይሆን የመዳቡ መስመር እንዲዘጋ መስማማት አይገባም።

ለንደን የምትኖረው እህቴ ይህን ስነግራት ሳቀች፤ እዚያም ያለው ጭንቀት ተመሳሳይ ነው። በብሪታንያ የድሮው የመዳብ ስልክ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በጥር 2027 መጨረሻ ሙሉ በሙሉ እንዲዘጋ ታቅዷል፤ ሰዉም ቁጥሩን ይዞ ወደ ብሮድባንድ ስልክ እየተሻገረ ነው። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ወዲህ ደንበኛው የሚያነጋግረው አዲሱን ኩባንያ ብቻ ነው፤ ከድሮው ጋር ያለውን ጉዳይ አዲሱ ይጨርስለታል። እዚያም ቢሆን ለደንበኛው የሚሰጠው ምክር «ቁጥርህ ሳይሻገር የድሮውን ውል በራስህ አታቋርጥ» የሚል ነው። እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ ኦፍኮም፣ በቤት ስልክ ብቻ ለሚተማመኑ ሰዎች መብራት ሲጠፋ ቢያንስ ለ1 ሰዓት የአደጋ ጥሪ ማድረግ የሚያስችል መላ እንዲቀርብላቸው ኩባንያዎችን ይጠይቃል። እናቴ ያነሣችው ጥያቄ እዚያ መመሪያ ሆኖ ተጽፏል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የገንዘቡ ነገር ነው። ታሪፍ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ዋጋ አልጠራም፤ የምንፈልገውን ፍጥነት እንዴት እንዳሰላን ግን ልንገራችሁ። ዩቲዩብ ራሱ በ480 ጥራት ለማየት 1.1 ሜጋ ቢት በሰከንድ፣ በ720 ጥራት 2.5፣ በ1080 ጥራት ደግሞ 5 ሜጋ ቢት ይመክራል። በእናቴ ቤት ማታ ሁለት ሰው በ720 ጥራት ቪዲዮ ቢያይና እኔ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በቪዲዮ ብነጋገር፣ 10 ሜጋ ቢት ይበቃናል። 50 ወይም 100 የሚል ማስታወቂያ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ያልተጠቀሙበት ፍጥነት በየወሩ የሚከፈልበት ባዶ ክፍል ነው። ሜጋ ቢትና ሜጋ ባይትንም አለማደባለቅ ተገቢ ነው፤ 10 ሜጋ ቢት ማለት በሰከንድ ቢበዛ 1.25 ሜጋ ባይት ማውረድ ማለት ነው።

ስሌቱን ስንሠራ ግን ወጪው የተደበቀው በኢንተርኔቱ ቢል ላይ እንዳልሆነ ታየን። በቤቱ ያለው እያንዳንዱ ሰው በየሳምንቱ የሞባይል ዳታ ጥቅል ይገዛል፤ እንግዳ ክፍል ካልሆነ በስተቀር ዋይፋዩ አይደርስምና። የቤቱ ግንብ እንደ አካባቢያችን አሮጌ ቤቶች ሁሉ ወፍራም ድንጋይ ነው፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚከላከለው ግድግዳ ዋይፋዩንም ይከለክላል። ስለዚህ ከፍ ያለ ፍጥነት መግዛት ለዚህ ችግር ምንም አይፈይድም፤ 100 ሜጋ ቢትም ቢገባ ድንጋዩን አያልፍም። የሚሻለው ራውተሩን ከጥግ አንሥቶ ወደ መካከለኛው ክፍል ማምጣት፣ ግድግዳን በተሻለ የሚያልፈውን የ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ መጠቀም፣ ለኋለኛው ክፍል ደግሞ የኔትወርክ ኬብል ዘርግቶ በጫፉ ሁለተኛ ራውተር መትከል ነው። ኬብሉ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ስለሚሠራ ለአንድ ግቢ ከበቂ በላይ ነው፤ አንድ ጊዜ ተከፍሎም ይቀራል። ሁሉም ክፍል ዋይፋይ ካገኘ በኋላ የጥቅል ግዢው ከቤት ውጭ ለሚውለው ሰው ብቻ ይሆናል፤ የምንቆጥበው ገንዘብ ዋናው ክፍልም ከዚህ ይመጣል።

ታናሽ ወንድሜ ሌላ ሐሳብ ነበረው። የቤቱን ኢንተርኔት ጨርሶ ትተን በሲም ካርድ የሚሠራ የ4ጂ ራውተር እንግዛ ብሎ ነበር። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በሞባይል ኢንተርኔት በኩል አማራጭ ስላለ ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም፤ በተለይ ፋይበር ላልደረሰባቸው የገጠር ከተሞች እኔም የምመክረው እሱን ነው። በዚያ መንገድ ከተሄደ ግን የቤት ስልኩ ቁጥር ወደ ሲም ካርዱ አይገባም፤ መዳቡን ለድምፅ ብቻ አስቀርቶ ኢንተርኔቱን ብቻ ከላዩ ማስነሣት ይሻላል። ለድምፅ ብቻ የሚከፈለው ወርሃዊ ኪራይ ከኢንተርኔቱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ መብራት ሲጠፋም ስልኩ እንደ ድሮው ይጠራል። የእኛ ሰፈር ፋይበር ባይደርሰው ኖሮ ይህንኑ እንመርጥ ነበር።

አሁን የቀረን የስም ዝውውሩ ነው። ውሉ እስከ ዛሬ በአባታችን ስም ነው፤ ቢሉ በቴሌብር ሲከፈል ስለኖረ ማንም ልብ አላለውም። በሕይወት በሌለ ሰው ስም ያለ አገልግሎት ላይ ለውጥ ለመጠየቅ ደግሞ የወራሽነት ማስረጃና መታወቂያ ሊጠየቅ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ፋይበሩን ከማስገባታችን በፊት ውሉን ወደ እናቴ ስም እናዞረዋለን፤ የሚያስፈልገውን ሰነድ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም በ994 ደውለን አስቀድመን እንጠይቃለን፤ ዩፒኤሱም ሞደሙ በሚተከልበት ዕለት ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል። እናቴ አንድ ነገር ብቻ ጨምራለች፤ ስልኩ ያለበት ጠረጴዛ ከቦታው አይነሣም። ሞደሙ የሚሰቀለው በሌላኛው ግድግዳ ስለሆነ፣ ከሞደሙ እስከ ጠረጴዛው የሚደርስ የስልክ ሽቦ ከገበያ መግዛት ይኖርብናል ማለት ነው።