ካሴቱ ውስጥ የቀረው ሁለተኛ ተጫዋች

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ውድ የሶፍትዌር ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቴትሪስ ነው። ከላይ የሚወርዱትን ቅርጾች እያዞራችሁ ረድፍ የምትሞሉበትን ጨዋታ የማያውቅ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። የአሌክሴይ ፓጂትኖቭ ሥራ ነው፤ የተወለደውም ሞስኮ ነው። እኔ ግን የማነሣው የጃፓኑ የጨዋታ ኩባንያ ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1989 ለቤት መጫወቻው ያወጣውን ካሴት ነው።

በዚያው ዓመት፣ ከኒንቴንዶ ቀደም ብሎ፣ የአታሪ ጌምስ ንዑስ ኩባንያ የሆነው ቴንገን ለዚያው መጫወቻ የራሱን ቴትሪስ አውጥቶ ነበር። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያጫውታል። ፍርድ ቤት ሽያጩን አገደና አንድ ወር ያህል ብቻ ተሽጦ ከገበያ ተሰበሰበ። ቀጥሎ የመጣው የኒንቴንዶው ደግሞ ለአንድ ሰው ብቻ ነበር።

እንዲህ ነበር የሚመስለው። ኋላ ላይ የካሴቱን ኮድ ፈትተው ያነበቡ ሰዎች የተጫዋቾችን ብዛት የምትይዝ አንዲት የሚሞሪ ቦታ አገኙ። ዘወትር የሚጻፍባት 1 ነው። 2 ስትሆን ግን ሁለተኛው ተጫዋች ከነመጫወቻ ሜዳው ብቅ ይላል። ሥራው አላለቀም፤ ቢሆንም ያጫውታል።

እኔን ልቤን የነካው እዚያው ያለ አንድ ትንሽ ሰንጠረዥ ነው። አምስት ቁጥሮች ናቸው፦ 0፣ 0፣ 1፣ 2፣ 4። ምንም ካላጸዳችሁ ባላጋራችሁ ላይ የምትልኩት ነገር የለም። አንድ ረድፍ ብታጸዱም ያው ነው። ሁለት ካጸዳችሁ ግን አንድ ረድፍ ከሥሩ ይገፋበታል፤ ለሦስት ሁለት፣ ለአራት አራት። አያችሁ? አንድ አንድ እያለ የሚለቅም ሰው ማንንም አይጎዳም። ጣሪያው እየቀረበበት ታግሦ አራቱን ባንዴ ያፈረሰ ግን ዋጋውን ያገኛል። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይህን መዝኗል፤ ገዢው ግን አላየለትም።

የብራና መጻሕፍት ያገላበጠ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። በወንጌሉ ባዶ ቅጠልና ኅዳግ ላይ የጉልት ስጦታ ተጽፎ ይገኛል። ዋናውን ጽሑፍ ብቻ የሚፈልግ ገልጦ ያልፈዋል፤ የአገሩ ታሪክ ያለው ግን እዚያ ነው።

ማንም ሳይደብቀው የተደበቀም አለ። ለቅርጾቹ የተዘጋጀው የቀለም ስብስብ አሥር ነው፤ በየአሥር ደረጃው ይመላለሳል። ከ138ኛው ደረጃ ጀምሮ ግን ስሌቱ ይሳሳትና ጨዋታው ሌላ ዳታ እንደ ቀለም ያነባል፤ አንዳንዱ ደረጃ ላይ ቅርጹ ከጥቁሩ መደብ አይለይም። ሠሪዎቹ ያን ያህል የሚሄድ ተጫዋች ይመጣል ብለው አላሰቡም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 አንድ የ13 ዓመት የኦክላሆማ ልጅ 157ኛው ደረጃ ላይ ደርሶ ጨዋታውን ራሱን አስቆመው።

እናንተን የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ጀምራችሁ የተዋችሁትን ኮድ ስታስቀምጡ፣ ለምን እንደተዋችሁት አንድ መስመር ጻፉበት። እዚህ ካሴት ውስጥ አምስቱ ቁጥሮች አሉ፤ ምክንያቱን የሚነግረን ቃል ግን አንድም የለም።

አሁን ኢሙሌተሩን፣ ማለትም የድሮውን መጫወቻ ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስለውን ፕሮግራም፣ ከፍቻለሁ፤ ቁጥሯንም 2 አድርጌያታለሁ። ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች ጠረጴዛው ላይ ናቸው። እስቲ ሁለት ሰው ወደ ፊት ይምጣልኝ።